በቀስት የጠበቅኋት በቆሎ

እንጅባራ ውስጥ ከቀርቀሃ የማይሠራ ነገር የለም። ቤቱ ከቀርቀሃ ነው፣ አጥሩ ከቀርቀሃ ነው፣ አልጋው፣ ወንበሩ፣ ቅርጫቱ፣ የዶሮው ቤት፣ የእህሉ ጎተራ ሁሉ ከቀርቀሃ ነው። ሰው ሲታመምም ሲሞትም የምንሸከመው በቀርቀሃ ቃሬዛ ነው። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ እየሠራሁ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ የምበላ ነበርኩ ማለት ይሻላል። የፕላስቲክ ወንበር ከተማውን ከወረሰው ወዲህ የኔ ወንበር የሚፈለገው ለለቅሶ ድንኳን ነው፤ እሱም የፕላስቲኩ ያነሰ እንደሆነ። ደንበኞቼ ይመጣሉ፣ ወንበሬ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥንካሬውን ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ፕላስቲኩን ሊገዙ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ቤተሰቤን ከዓመት ዓመት የሚያደርሰው ቀርቀሃው ሳይሆን በቆሎው ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጫግኒ ወረድ ብሎ በረሃው ውስጥ አንዲት ማሳ ትታልኛለች። ማሳዋን የሚያርሱልኝ አጠገቧ የሚኖሩት አያ ቢተው ናቸው፤ እኔ በፋንታው ጎተራና ቅርጫት ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ። በቆሎው ከገባ እኔ፣ ባለቤቴ የሺና ሦስት ልጆቻችን ዓመቱን እንበላለን። ካልገባ ሌላ የምንጠብቀው የለንም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ ስትስቁ ትንሽ እየተሳቀቃችሁ እንድትስቁ ነው።

በረሃ ስላችሁ ደግሞ አሸዋና ግመል እንዳትጠብቁ። እኛ የእንጅባራ ሰዎች ጋቢ ያስወለቀንን አገር ሁሉ በረሃ ነው የምንለው። ነሐሴ ላይ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ቆሞ ጥርሱ የተንገጫገጨ ሰው፣ ጫግኒ ሲደርስ የሲኦል አፋፍ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ከጫግኒ ወርዶ የኔ ማሳ ድረስ ሲሄድማ አፋፉ አልቆ ውስጡ ገብቷል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አያ ቢተው የሚደውሉት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ስለሆነ ሰላምታ አያበዙም።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ እያለከለኩ፣ «በቆሎህን ከርከሮ ገብቶበታል። እኔ የራሴን ልጠብቅ ያንተን? ሊደርቅ ትንሽ ነው የቀረው። ሰው ይዘህ ውረድና ማማው ላይ ሆናችሁ በወንጭፍ ጠብቁት።»

ከርከሮን በቅርብ ላላያችሁ፣ አሳማ የሚመስል፣ ከአፉ ሁለት ማጭድ የወጣለት አውሬ ነው። ክርስቲያን አይበላውም፣ እስላም አይበላውም። ማንም ስለማይበላው ማንም አይነካውም፤ ማንም ስለማይነካው ይረባል፤ ሲረባ ደግሞ የኔን በቆሎ ይበላል። መድኃኒቱም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ማማ፣ ወንጭፍና እንቅልፍ የሌለው ሰው።

እኔ ግን ይህን ወሬ ለጓደኞቼ ነገርኩ። ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ጌትነት ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁ የዓመቱን ግማሽ ስለሚታመም በዚያ ጊዜ ውስጡ ተቀምጦ በስልኩ ቪዲዮ ያያል። አላምረው የዳንግላ ልጅ ነው፤ እንጅባራ ላይ ፀጉር ቤት ከፍቷል። በልጅነቱ ዲቁና ስላገለገለ የትኛው ቀን የየትኛው ጻድቅ እንደሆነ ሳያይ ይናገራል።

«ወንጭፍ?» አለ ጌትነት። «ወንጭፍ የልጅ መጫወቻ ነው። እኔ በስልኬ ያየኋቸው ሰዎች በረሃ ወርደው በቀስት ነው የሚያድኑ። ጥይት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ጭጭ! አንተ የቀርቀሃ ጌታ ሆነህ ቀስት ሳትሠራ ልትሞት ነው?»

«የቀርቀሃ ጌታ» ሲለኝ ተሸነፍኩ። ወንበሩን የሚገዛው ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ልቡ ይቀልጣል።

የሺ ዕቅዳችንን ሰምታ «ወንጭፍ ተብለሃል፣ ወንጭፍ ያዝ» አለችኝ። እኔም «አንቺ ስለ አደን ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። እኔ ምን እንደማውቅ መልሳ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ቶሎ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሦስት ደጋን ሠራሁ። በሥራዬ አላፍርም፤ ከተማው ውስጥ እንደነሱ ያለ ቆንጆ ደጋን አልነበረም፣ ምክንያቱም ሌላ ደጋን አልነበረም። ጅማት ከሥጋ ቤት አምጥቼ አድርቄ ፈተልኩና ወጠርኩባቸው። ለፍላጻዎቹ ጫፍ ሚስማር ቀጥቅጬ ሳልኩ። ከዚያ ጓሮዬ ውስጥ ገለባ የሞላ ጆንያ አቁመን ልምምድ ጀመርን። ጆንያው እስካሁን በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። የተመቱት የየሺ የውሃ ጀሪካን፣ የገዛ ጋቢዬና የጎረቤቴ የሽንት ቤት በር ናቸው። ጎረቤቴ በሰዓቱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽንት ቤት የሚገባው ከአጥሩ ማዶ «አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነው።

አላምረው ደግሞ ፀጉሩን ሊቆረጥ ለመጣ ሁሉ ለአደን በረሃ እንደምንወርድ ይናገር ነበር። ሰው ምላጭ አንገቱ ላይ ሆኖ ስለሚያዳምጠው «ይቅናችሁ» ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በሳምንቱ ውስጥ እንጅባራ ላይ ያልመረቀን አልነበረም። ለበቆሎ ጥበቃ የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ምርቃት አያስፈልገውም፤ ማን ያስተውላል?

የጫግኒው ሚኒባስ ላይ ስንሳፈር ደጋኖቹ አልገባ አሉ። ረዳቱ አንዱን በመስኮት፣ አንዱን በወንበር ሥር፣ አንዱን በተሳፋሪ አንገት ላይ አሳልፎ አስገባቸው። አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ደጋኔን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ልጆቼ፣ ጥጥ ልትነድፉ ነው የምትወርዱት?» አሉን።

«አደን ነው፣ እናቴ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«የምን አደን?»

«የከርከሮ።»

ባልቴቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ትንሽ ቆይተው ለራሳቸው «ጥጥ ይሻል ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። እግዚአብሔር እንደ እሳቸው ያለ መካሪ ከጎኔ አስቀምጦልኝ ጆሮ ነሣኝ።

አያ ቢተው ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋቢያችንን ከጫግኒ ጀምሮ አውልቀን፣ ሸሚዛችንንም ልናወልቅ ምንም አልቀረን። ሽማግሌው ደጋኖቹን አገላብጠው አዩ። እኛንም አገላብጠው አዩን። ከዚያ በአውኝኛ፣ በአገው ቋንቋ፣ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ በመሐል እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሡበትም ጊዜ ነበረ። እኔ አውኝኛ ስለማልችል፣ የሚችለውን አላምረውን ምን እንዳሉ ጠየቅኩት።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ ነው ያሉት» አለኝ ዓይኔን ሳያይ።

ያን ማታ የአያ ቢተው ውሻ የጌትነትን ደጋን ጅማት በላው። ጅማት ነውና አልፈረድኩበትም። ለሦስት አዳኝ ሁለት ቀስት ቀረን። ጌትነት «እኔ አባራሪ እሆናለሁ» ብሎ ራሱን ሾመ።

በማግሥቱ ጠዋት ማማው ላይ ወጥተን ማሳዬን አየኋት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቃችሁም። በዳር በዳሩ የተደፋና የተሰበረ ቢኖርም መሐሉ ግጥም ያለ ነው። አገዳው ሁሉ ራስ ተሸክሞ ቆሟል። የልጆቼን ፊት አንድ በአንድ ያየሁ መሰለኝ። ወዲያው ከጥሻው ከርከሮዎቹ ወጡ። አባት ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ ልጆች በመሐል፣ ጭራቸውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርገው ሶምሶማ እየሮጡ ማሳዬ ውስጥ ገቡ። ፍላጻዬን ደግኜ ጅማቱን ስስብ አላምረው ክንዴን ያዘኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«በቆሎዬን ልጠብቅ ነዋ!»

«ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው!»

እጄ እንደ ተሳበ ቀረ። በኛ አገር በሚካኤል ቀን ሞፈር አይነካም፣ ማጭድ አይነሣም። አንዱ ሰው ቢሠራ መዓቱ የሚወርደው በሠሪው ላይ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ ነው የሚመታው። ሚካኤል እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን፣ ኅዳር ሚካኤልን ያልሰማ የለም። ግን ከእንጅባራ ስንነሣ ሦስታችንም ያሰብነው ስለ ከርከሮ ብቻ ነበር፤ ከርከሮውም ያሰበው ስለ በቆሎ ብቻ ነው።

«አደን ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አለ ጌትነት።

«ጨዋታ ከሆነ ታቦት በሚነግሥበት ቀን ለጨዋታ ደም ልታፈስ ነው» አለ አላምረው። «ሰብል ጥበቃ ከሆነ ደግሞ ሥራ ነው። እስቲ ከሁለቱ የሚሻልህን ምረጥ።»

ይህ ሁሉ ሲባል ከታች አገዳ ቀሽ፣ ቀሽ ይላል። እያንዳንዷ ቀሽታ የማን ቁርስ እንደሆነች አውቃለሁ። ልቤ እየደማ በበዓል ቀን ስለሚፈስ ደም ክርክር አዳምጣለሁ።

ነጭ በነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አያ ቢተው ደረሱልን። ዳኝነቱን ለእሳቸው ሰጠን።

«ደም አይፈስም» አሉ ቆርጠው። «ግን ጩኹ። ጩኸት አልተከለከለም።»

ጮኽን። ከርከሮዎቹ መጀመሪያ ደንግጠው ቀና አሉ። ከጩኸቱ ኋላ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ሲገባቸው ጎንበስ አሉ። ጌትነት የባጃጅ ጥሩንባ በአፉ ነፋ፤ ትንሹ ከርከሮ ብቻ ጆሮውን አነቃነቀ። እጄ ድንጋይ መከጀል ጀመረ። ማሳዬ ግን ጥቁር አፈር ናት፤ አያ ቢተው ድንጋይዋን ሁሉ በየዓመቱ እየለቀሙ ጨርሰውላታል።

«አያ ቢተው፣ ወንጭፍስ ይፈቀዳል?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ወንጭፍማ ምን ነውር አለው? የአፈር ጓል እየወነጨፉ ማባረር ነው እንጂ ማን ይሞታል? የኔማ ለራሴ ማሳ ነው፤ ለመሆኑ ወንጭፍ ይዛችኋል?»

ሦስታችንም መሬት መሬቱን አየን። ሽማግሌው ዳግመኛ በአውኝኛ ተናገሩ። አላምረው በዚህ ጊዜ ሊተረጉምልኝ እንኳ አልሞከረም።

እስከ ምሽት ድረስ በሉ። እኛ ማማው ላይ ቀስታችንን ጭናችን ላይ አጋድመን፣ እንደ ሠርግ ታዳሚ ሲበሉ ስናይ ዋልን። አሁን ሳስበው የዚያን ቀን ንዴት ቀላል ነበር። የተበላ በቆሎ ተበላ ነው፤ ታዝናለህ፣ ያልፋል። ከእሱ የባሰ እንዳለ ገና አላየሁም ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አያ ቢተው ጎረቤቶቻቸውን ለደቦ ጠርተው ገና ጎሕ ሲቀድ መጡ። «ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ብንጠብቅ ለከርከሮ ነው የምንጠብቀው» አሉ። ሁላችንም ገባንበት። ሰው እንደ ጉንዳን ነበር የተረባረበው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አገዳው ሁሉ ታጭዶ አንድም ራስ ሳይለቀም አልቀረ። ጭነቱ እንዳይበዛ ሽፋኑንም ልጠን ልጠን ማማው ሥር ከመርነው። ወርቅ የመሰለ ክምር ነበር፣ ከኔ ቁመት የሚበልጥ። ከርከሮ ያን ያህል በልቶ ይህን ያህል መትረፉን ሳይ ክምሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሚካኤልን አመሰገንኩት። ለራሱ ቀን ሲል እንዳሳረፈኝ፣ ለኔ ሲል ደግሞ እንዳተረፈልኝ ነው የቆጠርኩት።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለየሺ ደወልኩ።

«ገባ!» አልኳት። «ተሰብስቧል። ነገ ከሰዓት በኋላ ኢሱዙ መጥቶ ይጭነዋል።»

  «ተመስገን» አለች በቀጭኑ። «ጎተራውን ለቅልቄ እጠብቃለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሰው ልጅ ግን ሰላም ሲያገኝ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ አያውቅም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ አባቶች፤ እነሱ ያላዩት ጉድ የለም። እራት በልተን እንደተቀመጥን ጌትነት ደጋኖቹን አየና ተነፈሰ።

«እንግዲህ አንዲት ፍላጻ ሳንወረውር ልንመለስ ነው።»

«አዎ» አልኩት፣ «ተመስገን።»

«ፀጉር ቤት ምን እንላለን? ከተማው በሙሉ መርቆን ወጥተን፣ በቆሎ ለቅመን መጣን?»

ወደ አላምረው ዞርኩ፤ እንደ ሁልጊዜው አንድ ጻድቅ ጠርቶ ያድነኛል ብዬ። አላምረው በጣቱ አሰላና «ነገ ከባድ በዓል የለም» አለ። እሱም ለካ ለደንበኞቹ ይዞት የሚመለሰው ወሬ ቸግሮታል። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን የመሰለ ደጋን ሠርቼ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሞክረው መመለሱ ውስጤን ይበላኝ ነበር። የሚገዛኝ ባይኖርም እጄ የማይረባ እንዳልሆነ ማየት ፈለግኩ።

በጠዋት ጥሻው ጫፍ አደፈጥን። ጌትነት ከጥሻው በኩል ሊያባርር ዞረ፤ አላምረው ከግራዬ ተንበረከከ። ከርከሮዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ማሳው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ቆም አሉ፤ አባትየው ወደ ፊት ወጣና ሰፈሩን የሳተ ሰው መስሎ ግራ ቀኝ አየ። ሳብኩና ለቀቅኩ።

መታሁት! ከክንዱ ኋላ፣ ጎኑ ላይ ተሰካ። በሕይወቴ ያሰብኩትን ነገር በቀስት ስመታ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ፎከርኩ። «ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!» እያልኩ ደጋኔን ወደ ላይ እየነቀነቅኩ አንድ እግሬን አንሥቼ ዘለልኩ። አባቴ እንኳ ፎክሮ አያውቅም፤ ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አላምረው እልል አለ። ጌትነት ደግሞ ጩኸቴን ሲሰማ ተደስቶ ከጥሻው ብቅ አለና መንገዱን ዘጋው።

ከርከሮው ወደ ጥሻው ሊገባ ነበር። ጌትነትን ሲያይ ዞረ። ወደኛ ሊመጣ ሲል እኔ ስዘል አየኝና እንደገና ዞረ። ሜዳው ላይ ቆሞ የቀረ አገዳ የለ፣ የሚደበቅበት የለ። በዓይኑ ፈለገ። ያገኘው አንድ ከፍ ያለ ነገር ብቻ ነው።

«ያዙት!» አልኩ፤ ፉከራው አፌ ውስጥ ሞተ። «ኧረ ያዙት! ወደዚያ አይሂድ!»

ሄደ። ሮጦ ክምሩ ላይ ወጣ። በቆሎው ከሥሩ ሲንሸራተት እግሩ ገባ፣ ደግሞ ወጣ፣ አናቱ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ደሙ ከአፉም ከጎኑም እየወረደ በየበቆሎው መሐል፣ በየበቆሎው ሥር ገባ። ሽፋኑን ባንልጠው ኖሮ እላለሁ እስካሁን፤ እንዲያው ሽፋኑን ባንልጠው ኖሮ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ በሴትዮዋ እስቅባት ነበር። ይቅር ትበለኝ።

 በኋላ ጌትነት በገመድ እግሩን አስሮ ሊጎትተው ሞከረ። ሲጎትት እየተንከባለለ ያልነካውን ሁሉ ነካው። አላምረው የነካውንና ያልነካውን እንለይ አለ። አንዱን ራስ አንሥተን ንጹሕ ነው ስንል ከጀርባው ቀይ ነጥብ ይታያል። ከሥር ስንቆፍር ከሥርም አለ። እጃችንም ስለተነካካ የነካነው ሁሉ ያው ሆነ።

አያ ቢተው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሄደው የአጥቢያውን ቄስ ጠሩልኝ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ክምሩ ላይ ጠበል ረጩ።

«በቃ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ነጽቷል። አጥባችሁ ብሉት።»

«አባቴ፣ እርስዎ ይበሉታል?» አልኳቸው፤ ለማስቸገር አይደለም፣ ተስፋ ፈልጌ ነው።

ክምሩን አዩት። ከርከሮውንም አዩት፤ ገና አጠገቡ ነበር።

«እኔስ፣ ልጄ፣ ድሮውንም የሚስማማኝ ጤፍ ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

የኢሱዙው ሾፌርም መጣ። ወርዶ አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። «ሳላይ ጭናችሁት ቢሆን ምንም አልልም ነበር» አለ። «አሁን ግን አየሁት። መኪናዬ የሰው እህል ነው የሚጭነው።» ሰላምታ ሰጥቶን ባዶውን ተመለሰ።

ጌትነት ወደ ጎን ወሰደኝ። «አድርቀን፣ ፈልፍለን ጫግኒ ገበያ እንሽጠው» አለኝ በሹክሹክታ። «ከተፈለፈለ ማን ያውቃል? በዋጋው ንጹሕ በቆሎ ገዝተህ ትገባለህ።»

አልዋሻችሁም፤ አሰብኩት። ኮረብታውን እስክወጣ ድረስ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነበር። ለየሺ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ፉከራውን ጭምር። ከዚያ የጌትነትን ምክር ነገርኳት።



«ሰው አታብላ» አለችኝ።

«የሺ፣ ማንም እኮ አያውቅም።»

«እኛ ገዝተን የበላነውን ሁሉ እኛስ መቼ እናውቃለን? ቢሆንም አታብላ። ጥለኸው ና።»

ጥዬው መጣሁ። ከማሳው ስንወጣ ዞሬ አየሁ። እናትየው ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ከጥሻው ወጥታ ክምሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። አላምረው ደጋኑን አነሣ። «ተው» አልኩት። «ይብሉ። እነሱ አይጸየፉም።» በቆሎዬን ማሽተት ስትጀምር መንገዴን ቀጠልኩ።

በሚኒባስ ተመለስን። እንጅባራ ስንቃረብ ብርዱ ገባ። ጋቢዬን ስደርብ፣ ጓደኞቼ አንድ ነገር እንዲሉኝ ፈለግኩ፤ ደግሞ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ቤቴ ስገባ ገና መሽቶ አልጨለመም። ጎተራው ደጃፉ ላይ ቆሟል። በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ ሥሩ ተነጥፎለት፣ ክዳኑ ተነሥቶ ጎኑ ላይ ተደግፏል። የሺ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ውስጥ ገብታ ስትመለስ መዳፏ ሙሉ ቅቤ ይዛለች።

«ምንድን ነው?»

«አውሬ የገደለ ቅቤ አይቀባም እንዴ?» አለችኝ። «ፎክረሃል አሉ። የፎከረ ራሱን ይቀባል።»

«የሺ፣ ተይ። ቅቤ የሚቀባው አንበሳ የገደለ ነው።»

«እኔ አንበሳ የሚገድል ባል የለኝም። ባለኝ ልጀምር።»

ቅቤውን አናቴ ላይ ለጠፈችው። እጇ ተቆጥቶ ነበር፤ ራሴን እንደ ሊጥ ነው ያሸችው። አንገቴ እስኪታመም ቻልኩት፣ ይገባኛል ብዬ። በኋላ እጇ ዝግ አለ። ከዚያ ቆመ፤ ከራሴ ላይ ግን አላነሣችውም። ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እየሳቀች መሰለኝና ደስ አለኝ፤ አብሬያት ልስቅ ተዘጋጅቼ ቀና አልኩ። እየሳቀች አልነበረም።

«ልጆቹን ምን ላብላቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ የሺ» አልኳት። ከተጋባን ጀምሮ አላውቅም ስላት የመጀመሪያዬ ነበር።